ያላገባች፣ ወይም ባሏ የሞተባት

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1930 ዓ.ም.፤ ከሰዓት

ዛሬም ገለባ። ጠዋቱን ሙሉ የኮርቻ ሆድ ስሞላ ዋልኩ፤ ጣቶቼ ተላላጡ። አባባ በወስፌ ይወጋሉ፣ እኔ እጠቀጥቃለሁ። ድሮ ለመኳንንት በቅሎ ኮርቻ ይሰፉ የነበሩ ሰው፣ ዛሬ የጣልያን ጭነት በቅሎ ጠፍር ይጠግናሉ። ስለዚህ አይናገሩም፤ ያጉረመርማሉ። እኔም መልሼ አጉረመርማለሁ። ኮልፌ ውስጥ እንደኛ የተግባባ ቤት የለም።

ስሚ ደብተሬ፣ አንቺን ከጀመርኩ ወዲህ የሚጻፍ ነገር ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው። የሰፋሁትን ልብስ ልመልስ አራዳ ወርጄ ነበር። ሙሴ ጂዋን፣ ጨርቅ ነጋዴው ባኒያን፣ ህንዱ፣ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። (ከዚህ በኋላ ሙ.ጂ. ነው የምለው። ስሙን ደጋግሞ መጻፍ ደግ አይደለም።) የእንግሊዝ ዜጋ ስለሆነ አገር ልቀቅ ተብሏል። ታኅሣሥ እንደገባ ሚስቱን ይዞ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ዓደን። ሚስቱን የምትረዳ አንዲት አገልጋይ በይለፍ ወረቀቱ ላይ እንዲያስገባ ተፈቅዶለታል። አንቺን ላስገባሽ ወይ አለኝ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ዓደን ያለው የአጎቱ ልጅ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ት/ቤት ከፍቷል። የመንግሥት አይደለም፣ የሚሲዮንም አይደለም፤ የራሱ። የወደብ ጸሐፊዎች ከሥራ በኋላ እየመጡ ይማሩበታል። አሁን የሴቶች ክፍል ሊጨምር ነው፤ ሴት አስተማሪ አጥቷል። ሙ.ጂ. እኔና ተድላ በሱቁ ውስጥ በእንግ. ስንሾካሾክ ይሰማን ነበርና አሰበኝ።

ተድላ ባሌ ነው፤ የአባባ ልጅ። የካቲት ላይ ፊደል የቆጠረውን ሁሉ ሲለቅሙ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

ዘመዱ የሚጠይቀውን ሙ.ጂ. በጣቱ ቆጠረልኝ። የትምህርት ምስክር ወረቀት። ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስተማረች። አነጋገሯና ማስተማሯ በታመነ ሰው የታየ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ያላገባች ወይም ባሏ የሞተባት፤ ያገባች ከሆነች ባሏ የፈቀደላት። ይህን የመጨረሻውን ሲል ዓይኑን ወደ ጨርቁ መለሰ።

እኔ ግን የመጀመሪያው ላይ ቀርቼ ነበር፤ ሌላውን የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ምስክር ወረቀቱ የለኝም። የካቲት ላይ በገዛ እጄ አቃጠልኩት። ወታደሮቹ ቤት ለቤት ሲገቡ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ የተገኘበት ቤት ምን እንደሚሆን ያኔ ሁሉም ያውቃል። ወለጋ ሚሲዮን ት/ቤት ተምሬ፣ እዚያው ልጃገረዶች ሦስት ዓመት አስተምሬ ያገኘሁት ወረቀት። የት/ቤቱ አለቃ የሚስ ፊርማ ያለበት። ወዲያው ነደደ። እንዲያውም ውኃውን ቶሎ አፈላልኝ።

እዚህ አንገት የሚያስቆርጠው ወረቀት እዚያ እንጀራ ነው። ይህን ሳስብ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ዛሬ ሄጄ ለሙ.ጂ. ነገርኩት። ይተወኛል ብዬ ነበር። አንድ ጥቅል አቡጀዲ አነሳና በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ጨርቅ በወረቀት ገዝቼ አላውቅም፣ በጣት ዳስሼ ነው አለ። ሚስቱን ላሊታን አስተምሪያት። ጅቡቲ ላይ የእንግሊዝ ሹም ሲጠይቃት ራሷ መልስ መስጠት አለባት። እስክንሄድ ድረስ ከቻለች፣ የአጎቴን ልጅ እኔ አስታውቀዋለሁ፤ የኔ ቃል ለሱ ወረቀት ነው አለ።

በግማሽ ኦሮምኛ በግማሽ አማርኛ እየዘፈንኩ ኮልፌ ደረስኩ። አባባ ምን አገኘሽ አሉ። ስፌት በዛልኝ አልኩ። ውሸት አይደለም፤ መርፌ ይዤ ነው የምገባው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

የመጀመሪያው ትምህርት። ጠመኔ የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ መጽሐፍ የለ። የሱቁ ጓዳ ውስጥ የጨርቅ ጥቅሎች መሐል ተቀምጠናል። እኔ መርፌ፣ እሷ ክር። ሰው ከመጣ ልብስ እየሰፋን ነው።

ስለዚህ በጨርቅ ጀመርኩ። ይህ ቀይ ነው። ይህ ያንቺ ነው፣ ያ የኔ ነው። ረዥም፣ አጭር። ላሊታ ጎበዝ ናት፤ ግን ኩሩ። እኔ የምላትን ትታ ይህ ውድ ነው፣ ቀንስ የሚለውን አስቀድመሽ ንገሪኝ አለችኝ። የነጋዴ ሚስት። ነገርኳት። ወዲያው በሱቁ በኩል ወዳለው ባሏ ጮኻ ቀንስ አለችው በእንግሊዝኛ። ሙ.ጂ. ሲስቅ ሰማሁት። ደጁ ግን ክፍት ነው፣ መንገዱም ወታደር የሞላበት ነው።

በሹክሹክታ ብቻ አልኳት። እንግሊዝኛን በሹክሹክታ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም።

ስጨርስ ጎንበስ አለችና እግሬን ነካች። ደንግጬ ተነሳሁ። በአገራቸው አስተማሪ እንዲህ ነው የሚከበር አሉ። እመቤት ለሰፊ! ይተዉ እመቤቴ ብላት አልሰማችም። ወግ ነው፣ ካልነካሁሽ የተማርኩት አይረጋልኝም አለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ከየካቲት ወዲህ አስተማሪ ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ።

ዛሬ ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ላሊታ ስሟን፣ የባሏን ስም፣ ከየት እንደመጣች፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳትሳሳት አለችው። እኔ ሹሙን ሆኜ እጠይቃለሁ፤ ፊቴን አኮሳትሬ። ሳቀች፤ ሹም ስትሆኚ ያምርብሻል አለች። ጨረስን። እንደ ወጓ እግሬን ለመንካት ጎንበስ ስትል መጋረጃው ተገለጠ።

ጣልያን ነው። መኮንን። ሙ.ጂ. ከኋላው እየተከተለ ይለማመጣል። ሰውየው ካኪ ጨርቅ ፍለጋ ራሱ ጓዳ ገብቷል። ቆሞ አየን። በሐር ያጌጠች እመቤት የጥቁር ሰፊ እግር ሥር ተደፍታ።

ምንድን ነው ይህ አለ፤ በተሰባበረ አማርኛ።

ላሊታ ቀና ሳትል ምንጣፉን በእጇ መዳበስ ጀመረች። መርፌ ወደቀብኝ አለች፤ በአማርኛ። እኔም ተንበረከክሁና አብሬ ፈለግሁ። ሁለታችንም መሬት እንዳስሳለን። ሰውየው ጥቂት ቆመና በጫማው ምንጣፉን ገለጥ አደረገ። መርፌው ቀሚሴ ላይ ተሰክቶ ነበር። ነቅዬ ይኸው አልኩ።

ሳቀ። ካኪውን መርጦ ሄደ።

ሙ.ጂ. ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ፊቱን በጨርቅ ጠረገ፤ በምን እንደጠረገ እንኳ አላየም፣ ቀለሙ ያልደረቀ ጨርቅ ነበር። ሰማያዊ ሆነ። ማናችንም አልሳቅንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

አለፍኩ! ዛሬ ሙ.ጂ. ራሱ ሹም ሆኖ ሚስቱን ጠየቃት። እኔ ከመጋረጃ ኋላ። ሁሉንም መለሰች፤ አንዱን እንዲያውም እሱ ስቶ እሷ አረመችው። ከዚያ እኔን ጠራኝና እስቲ እኔንም አስተምሪኝ አለ፤ አንድ ነገር፣ የማያውቀውን። አስተማርኩት። ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ ነጋዴ አላዋቂነቱ ሲጻፍበት አይወድም።

የምስክር ወረቀቱ ነገር አለቀ፣ የማስተማሩም አለቀ አለኝ። ሦስት ዓመት ማስተማሬንም በቃሌ ተቀበለ።

ያ የመጨረሻው ግን ቀረ አለኝ።

ዘመዱ በዚህ ነገር ድርቅ ያለ ነው አሉ። ከዚህ በፊት አንዲት አስተማሪ ቀጥሮ ባሏ ከሌላ አገር መጥቶ ደጁ ላይ ጠብ አንሥቶበት ተማሪዎቹ ተበታትነዋል። ከዚያ ወዲህ ባሏ ያለበት የማይታወቅ ሴት አላስገባም ብሎ ምሏል። ወይ ፈቃድ፣ ወይ ሞት። ሙ.ጂ. በለስላሳ ድምፅ ጠየቀኝ። ተድላ ሞቷል?

አላውቅም አልኩ።

ለቅሶ ተቀምጣችኋል ወይ አለ። አልተቀመጥንም። እንግዲያውስ እዚህ አገር አልሞተም ማለት ነው አለ። ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ወጋችንን ያውቃል። ለቅሶ ብትቀመጡ በዓይኔ አይቼ መመስከር እችላለሁ፤ ያላየሁትን ግን አልናገርም አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ለአባባ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ዓደንን፣ ት/ቤቱን፣ ላሊታን። ወስፌያቸውን ሳያቆሙ ሰሙ። ስትሄጂ ማን ገለባ ይጠቀጥቅልኛል አሉና ፈገግ አሉ። ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ የመጨረሻውን ነገርኳቸው። የተድላን እርም እናውጣ አልኩ።

ደብተሬ፣ ሰው ሲለወጥ አይቼ አላውቅም እንደዚህ። ወስፌውን ጣሉት። ቆሙ። ያልሞተ ልጅ እርም አላወጣም አሉ። መርዶ ማን አረዳኝ? ሬሳ ማን አሳየኝ? በቁሙ ያለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። አንቺ ጸረ ማርያም ነሽና አይገባሽም አሉ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ቀን እንኳ።

እኔም አልተውኳቸውም። ዘጠኝ ወር ሙሉ በር በሩን እያየሁ ማደሬን ማን ያውቅልኛል አልኳቸው። ተስፋዎ የኔን እግር ነው ያሰረው አልኳቸው። ይህን በማለቴ አልጸጸትም። እጸጸታለሁ። አላውቅም።

እራት አልበላንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 24፤ ማታ ሲመሽ

ባላምባራሱ መጣ። የሰፈሩ ሹም፤ ጣልያን ያነገሠው ባንዳ። ካባውን ለብሶ፣ ሁለት አስከትሎ። ኮርቻ ሊያሰፋ የመጣ መስሎ ተቀመጠ። አባባ ጠላ አቀረቡለት፤ ጠጣ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ምራትዎ የፈረንጅ አፍ ታውቃለች ይባላል አለ።

አባባ ልብስ ትሰፋለች አሉ። የምታውቀው ይህን ነው።

እሱ ግን የመጣው ተዘጋጅቶ ነው። የእንግ. ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ቀርቦ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ ወጥቷል። ለሥራ ነው፣ ለመልካም ነው፣ አትፍሩ አለ። የካቲት ላይም ለመልካም ነው ብሎ ነበር፤ ይህንኑ አፍ ከፍቶ። በመጪው ሳምንት ሰኞ እኔ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ አለ። ያኛው ሰኞ ማለት ታኅሣሥ 4 ነው። ሙ.ጂ. የሚሄድበት ባቡር ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ ለመሆኑ የልጅዎ ነገር ምን ደረሰ አለ። አባባ ያው ነው፣ ምን ይደርሳል አሉ። ባላምባራሱ ዓይናቸውን አየ። ረዥም አየ።

ከሄደ በኋላ አባባ እዚያው ደጃፉ ላይ ቀሩ። ብጠራቸው አልሰሙም።

ወደ አባቴ አገር ልሂድ? ያለ ይለፍ ኬላውን አላልፍም። ልደበቅ? አባባን ይገርፏቸዋል። ወዴት እንደምሄድ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም የተዘጋው በኔ ሰው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 26

ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። አለቃ ገብሬ፣ የአባባ የልጅነት ባልንጀራ፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ገና ሳይናገሩ አወቅሁ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ሰብስቦ የሚመጣ ሌላ ነገር የለም።

ተድላ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ አሉ። መንገደኛ አይቶ ነው የነገራቸው። የቀበሩትም ሰዎች አሉ።

ጮኽኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28

መጻፍ ይሻለኛል። ካልጻፍኩ አብዳለሁ።

ሦስተኛ ቀን ለቅሶ። ደጁ ላይ ዳስ ተጥሏል፤ ሰፈሩ ሁሉ እዚህ ነው። የተድላ ኮትና ባርኔጣ፣ የሚወደው ከዘራ መሐል ላይ ቀርበዋል። ሴቶቹ እየከበቡ ደረት ይመታሉ። አስለቃሿ ስለ አነጋገሩ፣ ስለ አረማመዱ፣ በነጭ ቋንቋ ስለ መናገሩ ልትል ስትል አባባ ሳል ሳሉ፤ ዘለለችው። ባላምባራሱ ተቀምጧልና።

ባላምባራሱ ዛሬም ትናንትም መጣ። በምን ሞተ ብሎ ጠየቀ። በንዳድ። የት? ቆላ። ማን አየ? አለቃ ገብሬ ሁሉንም መለሱለት፤ ሳይንተባተቡ። ራሱን ነቀነቀ። እግዜር ያጥናችሁ አለና ጽዋውን ጨለጠ። ለኔ ደግሞ የሰኞውን አትርሺ፣ ሐዘን ይቀላል ሥራ ሲይዙ አለኝ። እጄ ከዘራውን ሲጨብጠው ተሰማኝ።

ከቀትር በኋላ ሙ.ጂ. መጣ። በእግሩ፣ ከአራዳ። ላሊታም ነጭ ለብሳ። የነሱ ሐዘን ነጭ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ተቀመጠ፤ ከተድላ ባርኔጣና ኮት ፊት። ሲያለቅስ አየሁት። በዓይኔ አየሁ፤ ይበቃል አለኝ ሲነሣ። ይለፉ ላይ ስምሽ ገብቷል። ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ጣቢያ።

እንግዲህ ብቁ ሆንኩ። ዘመዱ የሚጠይቀው አንድም የቀረ የለም። አስተማሪ ሆኜ መሄድ የምችለው ተድላ ስለሞተ ነው። ይህን ጽፌ ሳነበው ለማን እንደምቆጣ አላውቅም።

ስለ ኩርፊያችን አባባን ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ። እሳቸው ግን አያዩኝም። ፊታቸውን ሸፍነው ይቀመጣሉ። መርዶው ሳይመጣ እኔ ቀድሜ ልጃቸውን ሙት ብያለሁና እንዴት ያዩኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 30

አንድ ነገር ይከነክነኛል።

የአባባ የንስሐ አባት ትናንት መጡ፤ ዛሬም መጡ። ፍትሐቱን እናድርስ፣ ስመ ክርስትናውን ይስጡኝ ይላሉ። አባባ ይቆየን አባ ይላሉ። ትናንትም ይቆየን። ዛሬም ይቆየን። እኔ በሚሲዮን ያደግሁ ብሆንም ይህችን ይህችን አውቃለሁ። ያለ ፍትሐት ነፍሱ ይንከራተታል ብለው የሚያምኑ ሰው፣ ለሌላው ዘመድ ጥርሳቸውን ሸጠው ፍትሐት ያስፈቱ የነበሩ ሰው፣ ለአንድ ልጃቸው ይቆየን? ከል ለብሰዋል፣ መሬት ይተኛሉ፣ ይጮኻሉ። ስሙን ብቻ ለቤተ ክርስቲያን አይሰጡም።

እጠይቃቸዋለሁ።

ያው ቀን፤ ማታ

ጠየቅኋቸው። ሰዉ ሲበተን፣ ኮርቻ ቤቱ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ። ለምን አባባ? ስሙን ለምን አይሰጡም?

መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ወስፌ አነሡ፣ አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ እንዳሉት ልጽፈው።

«ልጄ፣ ሰው ፊት ማልቀስ ሌላ ነው። በቁሙ ባለ ልጅ ላይ ፍትሐት ማድረስ ሌላ ነው። ባላምባራሱን ዋሸሁ፣ ባኒያኑን ዋሸሁ፣ አንቺንም ዋሸሁ። እላይ ያለውን ግን አልዋሽም።»

አልገባኝም። ደግመው ነገሩኝ፤ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነግሩት።

ተድላ አለ። ክረምት ላይ መጫኛ ሊያስጠግን የመጣ በቅሎ ነጂ ነገራቸው። ከወሰዱት ቦታ አምልጧል። የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ ነገሩኝ፤ ለአንቺ ግን ደብተሬ አልነግርሽም። ከክረምት ጀምረው ያውቃሉ። እኔ ደጅ ደጁን ሳይ፣ እኔ ስገረጣ፣ እሳቸው ያውቁ ነበር።

የማታውቂውን ቢገርፉሽም አታወጪም አሉ። ስለዚህ ነው። እርሙን እናውጣ ባልኳቸው ጊዜ የተቆጡትም ስለዚህ ነው። ባላምባራሱ በር ላይ ቆሞ የልጅዎ ነገር ምን ደረሰ ሲላቸው ነው የቆረጡት። ጣልያን የሞተ ሰው አይፈልግም፤ የሞተ ሰው ሚስትም በይለፍ ትወጣለች። በዚያው ሌሊት አለቃ ገብሬ ዘንድ ሄደው መርዶውን ራሳቸው አዘዙ። የራሳቸውን ልጅ መርዶ፤ ሟርት ነው ብለው የሚንቀጠቀጡለትን።

ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ወስፌውን አንሥቼ ልወጋቸው ፈለግሁ። ደረቴን የመታሁበት ቦታ ጠቁሯል። ድምፄ ጠፍቷል። እንዴት ቢያስችልዎ ነው አልኳቸው። ያንቺ ለቅሶ እውነት ባይሆን ባላምባራሱ ያውቅ ነበር አሉ። እኔማ መቼ አልቅሼ አውቃለሁ፣ አንቺን እያየሁ ነው ያለቀስኩት አሉ።

ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ ያሁኑ ሌላ ነው። ተድላ አለ። አለ። አለ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

አልሄድም አልኳቸው ጠዋት። ባሌ በሕይወት እያለ ባሕር አልሻገርም።

ሰኞስ አሉ። ሰኞ ባላምባራሱ ሲመጣ ምን ትያለሽ? ከያዙሽ ተድላ ይሰማል፤ ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ያልቃል አሉ። አንቺን የምልክሽ ላንቺ ብዬ ብቻ አይምሰልሽ። ጨካኝ ነገር ነው የተናገሩት፤ እውነት ነው። እንዲህ ሲሉኝ ነው የምሰማቸው፤ ቢያባብሉኝ አልሄድም ነበር።

አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኩ። ለቅሶ ጥሎ የሚሄድ አባት የት ታየ አሉ። እስከ ተስካሩ መቀመጥ አለብኝ፣ ያለዚያ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም፤ ባላምባራሱ ሲመጣም በራሳቸው ይለፍ ወጣች እለዋለሁ አሉ። ለንስሐ አባታቸውስ ምን ሊሏቸው ነው? ይቆየን እያልኩ እኖራለሁ፣ ቀድሜ ከሞትኩ ደግሞ የኔን ያስፈቱ አሉ።

እኔ የምሄድበት ት/ቤት ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሴቶቹ ምን ይማራሉ? መናገር፣ መጻፍ፣ ሹም ሲጠይቃቸው ራሳቸው መመለስ አልኩ። አሰቡ። ለባላምባራሱም የሚመልስ ይገኝበታል ወይ አሉ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ነገርኳቸው፤ ደግሜ። ያላገባች፣ ወይም ባሏ የሞተባት። ከዚያም ያን ጊዜ ያልነገርኳቸውን፤ ያገባች ከሆነች ባሏ የፈቀደላት። ወስፌያቸው ቆመ።

ይህን ለምን አልነገርሽኝም አሉ። ባሏ የት አለና ይፈቅዳል ብዬ ነው አልኩ። ወስፌውን አስቀምጠው፣ ባሏ ሩቅ ነው፣ የባሏ አባት ግን እዚህ ተቀምጧል አሉ። ፈቅጃለሁ። እሱም ቢሆን ይፈቅዳል፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እንዲህ ብለሽ ንገሪው አሉኝ።

እዚህ ኮልፌ ይህን ጮኾ መናገር አይቻልም። እዚህ ተድላ ሙት ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 2፤ ሲነጋ

ከሉን ለብሻለሁ። ጅቡቲ እስክደርስ አላወልቀውም፤ ኬላ ላይ፣ ባቡር ላይ፣ ጣልያን ባለበት ሁሉ መበለት ነኝ። አባባ ደጅ ቆመዋል። እስከ አራዳ ልሸኝሽ ይላሉ፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ከቤት አይወጣም ብያቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ወግ አስተማሪ ሆንኩባቸው።

አንቺን ይዤ ልሂድ ወይስ ላቃጥልሽ ገና አልቆረጥኩም። ቀሚሴ ውስጥ ትገቢያለሽ መሰለኝ።

ሌላውን ግን ቆርጫለሁ። ዛሬ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሙ.ጂ. በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ሊመሰክርልኝ ነው፤ ሞኝ አላደርገውም፤ መርከቡ ላይ ቁጭ አድርጌ እውነቱን እነግረዋለሁ። ይቆጣል። ይቆጣ። ዘመዱ ፊት ስቀርብ ደግሞ ምስክር ወረቀት የለኝም፣ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ላሊታንም አስተምሬያለሁ፣ ጠይቃት እለዋለሁ። ባልሽስ ሲለኝ፣ ባል አለኝ፣ በሕይወት አለ፣ አባቱ ፈቅደዋል እለዋለሁ። እንግሊዝኛዬን አጥርቼ፣ ጮክ ብዬ። ካልቀጠረኝ በዚያ ወደብ የሚታጠብ ልብስ አይጠፋም።

እዚህ ሰው ሁሉ ፊት አንድ ጊዜ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ለሥራ ብዬ ሁለተኛ አልቀብረውም።